የአርሊስ አስማተኛ

አርሊስ ቶልፍሰን ፈሪ ነበረች፤ ራሷም አትደብቀውም። ዊስኮንሲን ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ አይብ ፋብሪካ ዐሥራ ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ ማሽኑ መጥፋቱን ሦስቴ ሳታረጋግጥ እጇን አስገብታ አታውቅም። አባቷም እንደዚሁ ነበር። ሐይቁ በረዶ ሲሠራ፣ ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄደው እያንዳንዷን እርምጃ በብረት ዘንግ እየወጋ ነው። ጓደኞቹ ሲስቁበት ኖሩ፤ እሱ ግን በሰማንያ አንድ ዓመቱ አልጋው ላይ ሞተ።

ፍርሃቷ ክብር ያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በኖርበርት ክሉግ ምድር ቤት። ኖርበርት ሚስማርና ቀለም ሻጭ ሲሆን እዚያ በሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ግን ዳኛ ነው። ዋሻውን በወረቀት ሥሎ ይደብቃል፣ ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ የጻፉትን ጦረኛ ወይም አስማተኛ ሆነው በምናባቸው ይወርዱበታል፣ ዕጣቸውን ዳይስ የሚሉት ባለ ብዙ ቁጥር ጠጠር ይቆርጣል። የጨዋታው የድሮ ደንብ ለማንም አያዝንም ነበር። ታች የተኛው ዘንዶ የተጫዋቹን አቅም አይቶ ኃይሉን አይቀንስም፤ ያልቻለ መሸሽ ነው። ነፍስ በነጥብ ይቆጠራል፤ የጀማሪ አስማተኛ ነጥብ ጥቂት ስለሆነ ድመት ብትቧጭረው ይሞታል፤ ጦረኛ ከፊት ቆሞለት ዓመታት ከቆየ ግን ኃይሉ ከሁሉም ይበልጣል። ሚዛኑ ይኸው ነው። የሞተ አይመለስም፤ ወረቀቱን ባለቤቱ ራሱ ምድጃ ይከተዋል።

የአርሊስ አስማተኛ በአንድ ነጥብ ነፍስ ጀምሮ ሁለት ዓመት ኖረ። ወለሉን በበትር ሳትነካ አትራመድም። ካርታውን የምትሥለውም እሷ ነበረች፤ የመተላለፊያውን ስፋት፣ የጣሪያውን ከፍታ ሁሉ ትጽፋለች። አስማተኛዋ ነፍሱ ዐሥራ አንድ ደርሶ፣ የእሳት ኳስ መወርወር በተማረ በሳምንቱ መንገዱን በረዶ ዘጋውና ጨዋታው በሦስት ሰው ብቻ ሆነ፤ እሷ፣ ኖርበርትና የወተት መኪና ሾፌሩ ዱዌይን።

በጠባቡ መተላለፊያ የጭራቅ መንጋ መጣባቸው። አርሊስ እንሽሽ አለች። መዳፏን ላብ አጥምቆት እርሳሱ ያዳልጣት ነበር። የዱዌይን ጦረኛ ሃምሳ ነጥብ ነፍስ ስላለው ምን ገዶት።

"ሁለት ዓመት ጋሻ የሆንኩልሽ ለዛሬ ነበር እኮ" አላት። "ዛሬም ልትሮጪ ነው? እንግዲያው ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሹራብ ሥሪ።"

ኀፍረቷ ከፍርሃቷ በለጠ። እወረውራለሁ አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለ ኖርበርት፣ ቀና ሳይል።

ኖርበርት ይህን የሚጠይቀው ሰው ሊሞት ሲል ብቻ ነው። አርሊስ ካርታዋን አየች። መተላለፊያው ጎን በራሷ እጅ ጽፋለች፤ ጣሪያው በእጅ ይነካል። የእሳት ኳስ ቦታ ሲጠበው ወደ ወርዋሪው ይመለሳል። በኖርበርት ጠረጴዛ ግን ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም።

እሳቱ ጭራቆቹን በልቶ ተመለሰ። ኖርበርት ዳይሶቹን ጥሎ ደመረ፤ ሃያ። የዱዌይን ጦረኛ ጢሙ ተቃጥሎ ቆሞ ቀረ። ለአርሊስ አንዲት ዕድል ቀረች፤ ዐሥራ አንድና ከዚያ በላይ ከጣለች ጉዳቱ በግማሽ ይቀንስና በአንድ ነጥብ ትተርፋለች።

ጣለች። ዳይሱ ካርታው ላይ ተንከባሎ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

ኖርበርት አፈፍ አደረገው። "አጋድሎ ነው የቆመው፤ አይቆጠርም። እንደገና ጣይ።"

ዱዌይንም አይቻለሁ፣ አጋድሏል አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

አርሊስ ዳይሱን ተቀብላ ጨበጠችው። መጣል ፈልጋለች፤ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ፈልጋለች።

"አላጋደለም" አለች።

"ተይ እንጂ አርሊስ፣ ማን ያውቅብሻል?" አለ ኖርበርት።

"እኔ አውቃለኋ። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ጨዋታው የእውነት ሊገድለኝ ስለሚችል ነው። አሁን ብትምረኝ ያ ሁሉ ፍርሃት ለምን ነበር?"

ተነስታ የምድጃውን በር ከፈተች፤ የአስማተኛውን ወረቀት ከተተችው።

ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ባዶ ወረቀት ሳበች። ለአዲሱ አስማተኛ ነፍስ ዳይስ ጣለች፤ ሁለት። ጻፈችው። ዱዌይን እንደ ልማዱ ቀጣዩን በር ሰብሬ እገባለሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ ወረቀቷ ላይ ያለችውን ቁጥር ሲያይ ግን ተወው። ከዚያ ወደ ኖርበርት ዞሮ በቀስታ ጠየቀ።

"ጣሪያው ምን ያህል ነው?"