ሎዌል ያዛወረው መስመር

ሎዌል ፕሩት በካሊፎርኒያ ኮረብታዎች ላይ በሚገኝ አንድ የከብት እርባታ ሠላሳ ዓመት አጥር ሲጠግን ኖረ። ባለቤቶቹ መሬቱን ለአውራጃው ሸጡት፤ አውራጃውም ለሕዝብ ሊከፍተው ወሰነ። ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለፈረስ የሚሆነውን መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንቆፍረው እኛ በጎ ፈቃደኞች ነበርን። ሎዌልም ዶማውን ይዞ መጣ። የሥራ ፍቅር መስሎን ነበር።

ኮረብታው ትከሻ ላይ አንድ የባሉጥ ዛፍ አለ። የሟች ሚስቱን የኢርማን የተቃጠለ አስከሬን አመድ ማንንም ሳያስፈቅድ እዚያ ሥር በትኖታል። ይህን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የነገረኝ እንደ እሱ ምሳዬን ብቻዬን የምበላ ሰው በመሆኔ ሳይሆን አይቀርም። መንገዱ ደግሞ በዛፉ ሥር እንዲያልፍ ተወስኗል።

አንድ ቅዳሜ ስንደርስ የመንገዱን መስመር የሚያሳዩት ትንንሽ ቀይ ባንዲራዎች ከዛፉ ርቀው ዳገቱን ቀጥ ብለው ወጥተዋል። የቡድን መሪያችን ዳርሊን የተዳፋት መለኪያዋን ዓይኗ ላይ ደቀነች።

«ይኼን የተከለው ማነው? ፍየል ነው?»

ሰዉ ሳቀ።

«አንድ ክረምት ቢዘንብበት እኮ ጅረት ነው የሚሆነው! ሎዌል፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ሳታውቁ ዶማ አታንሱ እያልክ ስትጮህብን የከረምከው አንተ አይደለህ?»

ከዛፉ በታች ገደል ነው፤ ሌላ ማለፊያ የለም። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ውሃ ይወስደዋል» አለ ሎዌል። «እኔ ነኝ የተከልኳቸው። ተሳስቻለሁ።»

«አረጀህ በቃ፣ ሽማግሌው! ና እንንቀላቸው።»

«ተይ፣ እኔው ልንቀላቸው።»

አንድ በአንድ ነቅሎ በዛፉ ሥር መልሶ ተከላቸው። ያንን ቁራጭ መንገድም ማንንም ሳያስጠጋ ብቻውን ቆፈረው። ሰው ሐዘኑን ያኖረበት መሬት የራሱ ይመስለዋል፤ መሬቱ ግን ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር የለም።

መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ ከሎዌል ጋር አብረን ወጣን። ሁለት ሴቶች ብስክሌታቸውን ዛፉ ላይ አስደግፈው ብርቱካን ይልጣሉ።

«እዚህ መቀመጥ ይቻላል አይደል?» አለች አንደኛዋ።

«ይቻላል። የሁሉም ነው» አለ ሎዌል።

«ታዲያ ኑ፣ አረፍ በሉ!»

ባርኔጣውን ነካ አድርጎ አመሰገናቸውና ቁልቁለቱን ተያያዘው። መኪናችን ጋ ደረስን።

«ተመልሰህ ትመጣለህ?» አልኩት።

«ሲዘንብ» አለ። «ጭቃ ሲሆን ብስክሌትና ፈረስ ይከለከላል።»