አክስቴ ማማረር ስትማር

አክስቴ ጣራው ቢደረመስባት «ተመስገን፣ ግድግዳው ቆሟል» የምትል ሴት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔን ያሳደገችኝ በዚያች አሮጌ መኪናዋ እየሰፋች ነው።

የጡቷ ካንሰር በተለመደው መድኃኒት አልመለስ ሲል፣ ሐኪሟ ገና በጥናት ላይ ያለ አዲስ ክኒን እንዳለ ነገራት። ምን ያህሉ እንደሚበቃ፣ ምን ያህሉ እንደሚበዛ ገና አልታወቀም፤ የሚታወቀው ከሚወስዱት ሰዎች አፍ ነው። እሺ ብላ ጀመረች። እብጠቱ እየሟሸሸ መጣ። ሐኪሟ ይህን የነገረን ቀን እኔ እንኳ፣ ምስጋና የማይሆንልኝ ሰው፣ አልቅሼ አመሰገንኩ።

ታዲያ በየቀጠሮው ነርሷ «እናቴ፣ የተለየ የሚሰማዎት ነገር አለ?» ስትላት፣ እሷ ሆዬ «ምንም የለም የኔ ልጅ፣ ተመስገን!» ብላ እርፍ።

አንድ ከሰዓት ነጭ ጨርቅ ስትዘመዝም ደም አየሁ። መርፌው ጣቷን ወግቶ እሷ ወሬዋን ቀጥላለች።

«እቴቴ! ጣትሽ!»

«አይ፣ ደንዝዞ ነው። ከክኒኑ ወዲህ እንዲህ ያደርገኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ነካሽ አንቺ? ከሞት አፍ ያወጡኝን ሰዎች ጣቴ ደነዘዘ ብዬ ልክሰስ? ደግሞስ ቢከለክሉኝ?»

ደሜ ፈላ። እየጎተትኩ ነርሷ ዘንድ ወሰድኳት።

ነርሷ አልተቆጣችም። «እናቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እርስዎ ደህና ነኝ ሲሉን፣ እኛም ልክ ነው ብለን ይህንኑ መጠን ለሌላ ሰው ልንሰጥ ነው።»

አክስቴ በር ላይ ተራዋን የምትጠብቀውን ወጣት ሴት አየቻት።

«ለሷም?»

«ለሷም።»

ከዚያማ ማን ያስቁማት! የእግሯን ማቃጠል፣ የአፏን መምረር፣ የእንቅልፏን ነገር ዘረገፈችው። «ወንበራችሁም ወገቤን ፈጀው!»

«እሱ እንኳ ከክኒኑ አይደለም።»

«ቢሆንም ጻፊው!»

ሌሎቹም ታማሚዎች ደግመው ሲጠየቁ ለካ እንደሷው «ተመስገን» እያሉ ደብቀው ኖሯል። መጠኑ ለሁሉም ተቀነሰ፤ እብጠቱም መልሶ አላደገባትም። የጣቷ ስሜት ግን ይመለሳል ብሎ ቃል የገባልን ሰው አልነበረም። መርፌ የማይሰማው ጣት ይዛ እንዴት ልትሰፋ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ዕቃ ሳጥብ «ውይ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። በአረፋ እጄ ሮጥኩ። አክስቴ ጣቷን ይዛ ትስቃለች፤ እንባዋም ይወርዳል።

«ወጋኝ!» አለችኝ። «አመመኝ እኮ ልጄ! ተመስገን፣ አመመኝ!»