በዘራችን የለም

እናቴ ሐኪም አታምንም፤ ሐኪሙም እሷን ባያምናት ይሻለው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ናሆም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሲገባ የማናየው ሰው ያናግረው ጀመር። ሐኪሙ፣ «ከቤተሰብ እንዲህ ያመመው ሰው ነበር?» ብሎ እናቴን ጠየቃት።

«በዘራችን የለም» አለችው። «እኔ ራሴ አንድ ለእናቴ ነኝ።» እሷ እንደምትለው ወይ ጫት ነው፣ ወይ የጎረቤት መተት።

መድኃኒቱን እየወሰደም ቢሆን ጸበል ይጠመቅ ስላለች እንጦጦ ማርያም ወጣን። ዳገቱ ላይ ናሆም በየባሕር ዛፉ ሥር እየቆመ ያዳምጣል። እኔ ክንዱን አጥብቄ ይዣለሁ።

ወረፋ ላይ ሳለን አንድ ሽበታም ሰው አፍጥጦ ያየን ጀመር። ከዚያ ቀረበን። አፍንጫው፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግበት ሁኔታ፣ ቁርጥ ናሆም። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እማ፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም። ዝም ብለሽ ወረፋሽን ጠብቂ።»

ሰውየው ናሆምን ከእግር እስከ ራሱ አየውና እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«እትዬ» አላት እናቴን በቀስታ፣ «እኔን እዚህ ጥለሽኝ ስትሄጂ እኔም በሱ ዕድሜ ነበርኩ።»