የጋሽ ኃይለመለኮት ልጓም

የፎርማሊን ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። ወልዲያ፣ አምስተኛ ክፍል፣ ከሰሌዳው ሥር በጠርሙስ የተዘፈዘፈች እንቁራሪት ነበረች፤ ጋሽ ኃይለመለኮት ክዳኑን ሲከፍቱ የፊተኛው ወንበር ልጆች ዓይናችን ያለቅስ ነበር። ሳይንስ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። ደወል ሲደወል ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከትተው «ደህና ዋሉ ልጆች» ሳይሉ አይወጡም፤ እኛም ብድግ ብለን እንመልሳለን። አንዴ ርዕሰ መምህሩ በችኮላ አስጠርቷቸው ረስተው ሲወጡ፣ ከግቢው አጋማሽ ተመልሰው ብለውን ሄደዋል።

ጥሩ መምህር ነበሩ፤ ምላሳቸው ግን ክፉ ነው። የሚያስተምሩበት አሮጌ የሳይንስ መጽሐፍ ሰው የወላጁን ወርሶ ይወለዳል፣ በዚያው ይኖራል ይል ነበር። እርሳቸው ደግሞ «ዘር ከልጓም ይስባል» የምትለዋን ተረት ጨምረውበት፣ የክፍላችን ተማሪ የነበረችውን የራሳቸውን ልጅ፣ የምስራችን፣ በፊታችን ያስነሷታል።

«ይህችን እዩ። ሒሳብ አራት ከሃያ። በእናቷ ወጣች፤ ምን ይደረግ!»

እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ።

የምስራች ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ገባች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ይዛ አባቷን አስመጣች። እርሳቸው አሌክሳንድሪያ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። ለሚወጣው መኪና ሁሉ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ይላሉ፤ ከእንግሊዝኛ የቀናቸው እርሱ ብቻ ነበር።

አምና ደማቸው ከዳቸው። ሐኪሙ የመቅኒ ካንሰር መሆኑን ለየምስራችና ለእኔ ነገረን፤ እኔም አሜሪካ ገብቼ ስለነበር፣ ከስፕሪንግፊልድ እየነዳሁ ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ።

«ካንሰር የሚለውን ቃል ከሰማ በዚያው ሳምንት ይሞታል» አለች የምስራች። ደንባችንም ነው፤ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም። ስለዚህ በሽታው ደም ማነስ ተባለ፤ በየወሩ ሰባት ቀን ሆዳቸው ላይ የሚወጉት መርፌ ቫይታሚን ተባለ።

መርፌው ስድስት ወር ሠራና እምቢ አለ። ሐኪሙ፣ አዲስ ክኒን በጥናት እየተሞከረ ነው፣ ቦታ አለ፣ ነገር ግን ራሳቸው አውቀው መፈረም አለባቸው አለ። የምስራች እንደ ልማዷ ልትተረጉም ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ቫይታሚኑ ይበቃሃል ወይስ ሌላ ይጨመርልህ?»

«ኧረ በቃኝ! ሆዴ ወንፊት ሆነ እኮ።» ራሳቸውን ነቀነቁ።

እርሷም ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ «አልፈልግም ይላል» አለችው። አጠገባቸው ነበርኩ። ኮታቸውን አነሣሁላቸው።

ኮሪደሩ ላይ «ምነው የምስራች?» ብላት፣ «ፈርም ካሉትማ ሊነግሩት ነዋ!» አለችኝ። «ደግሞ አንተ ይድነቃቸው፣ ስትስቅብኝ ነው የማውቅህ። ዛሬ ለአባቴ አሳቢ ሆንክ?»

ሰባት ሳምንት አለፈ። ሐኪሙ ዕረፍት ወጥቶ ዶክተር ቲና የምትባል ተተኪ ጠበቀችን። የቤተሰብ ትርጉም አልቀበልም ብላ በጎማ የሚገፋ ስክሪን አስገባች። ከውስጡ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። ሳቢራ እባላለሁ፣ አስተርጓሚ ነኝ። ዶክተሯ የምትለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ።»

የምስራች «አያስፈልግም» አለች፤ የሰማት የለም።

«ያለብዎ የመቅኒ ካንሰር ነው አባባ።»

ጋሽ ኃይለመለኮት አልሞቱም። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ታዲያ መርፌው ምን ነበር?»

«በሕዋስ ውስጥ በሽታውን የሚገቱ ጂኖች አሉ። አልጠፉም። ግን ኬሚካል ተለጥፎባቸው፣ እ… እንደ ልጓም፣ ተለጉመዋል። መርፌው ልጓሙን ያወልቅ ነበር።»

«ቆይ፣ ቆይ።» ጣታቸው ጠመኔ እንደያዘ ሁሉ አየሩ ላይ ወጣ። «ፊደሉ እንዳለ ነው? አልተሰረዘም? እንዳይነበብ ብቻ ነው የታሰረው?»

«ልክ ነው አባባ።»

«እንግዲያ ዘር ከልጓም አይስብማ! ልጓሙ ነው የሳበው!» ከት ብለው ሳቁ። እንዲህ ሲደሰቱ ከወልዲያ ወዲህ አላየኋቸውም። «ሰማሽ የምስራች? መጽሐፉ ተሳስቷል።»

እርሷ ወለሉን ታያለች።

«ከዚህ ወዲያ ግን መርፌው አይሠራም» አለች ሳቢራ።

«ሌላ የለም?»

ዶክተሯ ፋይሉን አይታ ተናገረች። የሳቢራ ድምፅ ቀጠነ፤ ግን ቃሏን ጠብቃ አልቀነሰችም።

«ሌላ ዓይነት ልጓም የሚፈታ ክኒን በጥናት ላይ ነበረ። ከሰባት ሳምንት በፊት ተጠይቀው አልፈልግም ብለዋል ይላል። አሁን በሽታው ስለገፋ ጥናቱ አይቀበልዎትም።»

«እኔ? ማን ጠየቀኝ?»

«አባዬ፣ ያኔ ቫይታሚኑን…» አለች የምስራች፤ አልጨረሰችውም።

አተኩረው አዩዋት።

«ተሳስቼ ነበር» አሉ። «በእኔ ነው የወጣሽ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ይድነቃቸው? ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማ የለ?»

ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ።

ኮታቸውን ከወንበሩ አነሡ። ሳቢራ ከስክሪኑ «አባባ፣ ሌላ ጥያቄ አለዎት?» ትላለች። በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ አይቼ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ዞር አላሉም። በሩን ከፍተው፣ «ደህና ዋሉ ልጆች» ሳይሉ፣ ወጡ።