በሳቋ መሰከርኩባት

ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህን ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ለአንተ የምነግርህ እንድታጽናናኝ አይደለም። "ወጣት ነበርክ" እንዳትለኝ! ወጣት ነበርኩ፤ ግን የማደርገውን አውቅ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረኝ። በበዓል ማግስት የከተማው ወጣት ወደ ገራዶ ሲንሸራሸር ካሜራዬን አንግቼ እከተላለሁ። እዚያ የሼህ ሰይድ የአትክልት ቦታ ነበር፤ ኮክ፣ ብርቱካን፣ በአጥሩ ዙሪያ አበባ። ሼህ ሰይድ ክርስቲያን እስላም ሳይሉ በራቸውን ይከፍታሉ። ሰው ዛፎቻቸው ሥር ፎቶ ሲነሳ ቆመው ያያሉ፤ ደስ ይላቸዋል። እኔን የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ልጄ፣ መዲናዬን እንዳታነሳብኝ። የታጨች ልጅ ናት።"

"እሺ አባቴ" አልኩ። እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።

በፋሲካ ማግስት ልጃቸው መዲና የተሰጣ ልብስ ልትሰበስብ ወጣች። ነፋሱ አንሶላውን ፊቷ ላይ ጠቀለለባት፤ ስትታገለው ሻሿ ወደ ትከሻዋ ወረደ፤ ብቻዋን ሳቀች። አነሳኋት። የካሜራውን ድምፅ ሰምታ ዞረች።

"አነሳኸኝ እንዴ?"

"ዛፉን ነው።"

"እስቲ ማርያምን በለኝ።"

"ማርያምን!" አልኩ።

ምን ነበር ፊልሙን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ብዘረጋው? አልዘረጋሁትም። አጠብኩት፣ አሳደግኩት፣ የፎቶ ቤቴ መስታወት ላይ ሰቀልኩት። ለምን? እንዲያደንቁኝ! ጎረቤቶቼ ፎቶ አንሺዎች እንዲቀኑ! አላፊ አግዳሚው እየቆመ "እጅህ ይባረክ" ሲለኝ እየተንቀባረርኩ አሜን አልኩ። ያ እጅ ይቆረጥ ነበር እንጂ!

ከቢስቲማ ለገበያ የመጡ የእጮኛዋ ዘመዶች ፎቶውን አዩት። ኒካው ሊታሰር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፈረሰ።

ሼህ ሰይድ ከገራዶ በእግራቸው መጡ። ፎቶ ቤቱን ሰው ሞልቶት ነበር። አልጮኹብኝም፤ ምነው በጮኹብኝ!

"ልጄ፣ ሰርቀህ ነው ያነሳሃት ወይስ ፈቅዳ ነው? እሷ አንሳኝ አላልኩትም ብላ በቁርአን ማለችልኝ።"

"ሰርቄ ነው" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል! ደንበኞቼ ሲያዩኝ አፈርኩ። "ራሷ ናት አንሳኝ ያለችኝ" አልኩ። እሱም አልበቃኝ ብሎ ጣቴን ወደ ፎቶው ቀስሬ፣ "ተሰርቃ ቢሆን እንዲህ ትስቅ ነበር?" አልኳቸው።

ሽማግሌው ፎቶውን ብዙ አዩት። ከዚያ እኔን፣ ሌባውን፣ "ስለጠረጠርኩህ አፉ በለኝ" ብለውኝ ወጡ። እኔም አፉ አልኳቸው! ይቅር ባይ ሆኜ! ከዚህ የባሰ ምን አለ?

የአትክልቱ በር ከዚያ ወዲህ ለሰው አልተከፈተም። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ጎረቤታቸው ነው የነገረኝ፤ አባትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አይነጋገሩም። እሷ ታቀርባለች፣ እሳቸው ይበላሉ፣ ቃል የለም። እኔ ይህን እየሰማሁ "ቀና በል" ብዬ ሰውየውን አነሳሁት። ገራዶ ሩቅ ነው? ስንት በዓል በእግሬ ሄጄበታለሁ! ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ሄጄ "ልጅዎ እውነቷን ነው" አላልኩም። በዓል ሲመጣ ሽርሽረኞቹን ወደ ኮምቦልቻ የአትክልት ቦታዎች ይዤ ወረድኩ። ሼህ ሰይድ ሞቱ።

ድፍረቱ የመጣልኝ ከሞቱ በኋላ ነው። ፈሪ! መዲና ኮምቦልቻ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ሱቋ ድረስ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩላት። ታለቅሳለች፣ ወይ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ጨርቅ እያጠፈች ሰማችኝ።

"ይህን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?" አለችኝ። "እኔማ አውቀዋለሁ። የማያውቁት አባቴ ነበሩ።"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። አንተንም አልጠይቅህም። ዋሽቼ አባትን ከልጁ ነጠልኩ። ሌላ ስም አታውጣለት።