ጌሾውን እንዳትረግጥ

ፖሊሶቹ የወንድሜን ጓሮ ሲፈትሹ ጌሾውን አልነኩትም። አለቃቸው ከአጥሩ ሥር የበቀሉትን ጥቂት የዕፀ ፋሪስ ተክሎች ከነሥራቸው እያስነቀለ፣ እግሩን ወደ ጌሾው ያስጠጋውን ባልደረባውን «ቀስ በል፣ ጌሾውን እንዳትረግጥ» አለው። እኔ የጓሮው በር ላይ ቆሜ ነበር። ወንድሜ በካቴና ታስሮ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ወገቡ አላስቆም ስላለው ቶሎ መኪናው ላይ እንዲያወጡት ይለምናል። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ ያበገነኝ ይህ የጌሾው ነገር ነው። ሁለቱም ቅጠል ናቸው። ሰውን በሚያሰክረው መጠጥ ውስጥ የሚገባው ይጠበቃል፤ የወንድሜን ሕመም የሚያስታግሰው ግን ኤግዚቢት ተብሎ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ ሄደ።

ጌሾ ላይ ቂም የለኝም። እናቴ እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን እዚሁ ደብረ ታቦር አረቄ እያወጣች ነው። ደብተሬም ዩኒፎርሜም የተገዛው በእሱ ነው፤ ዛሬ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ ብዬ ደረቴን ስነፋ የእናቴን መለኪያ ልረሳ አልችልም። አባቴን የቀበረውም ያው አረቄ ነው። ሰክሮ በመጣ ቁጥር እናቴን ይደበድባታል፣ ጎረቤት ከአጥር ውጭ ቆሞ «በሕግ አምላክ» ይላል። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል በአገራችን። አባቴ አይቆምም ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሳይጠጣ የዋለ ቀን ከእሱ የሚሻል አባት አልነበረም። አረቄ ጆሮ የለውም። እንዲህም ሆኖ አረቄን ከሶ ፍርድ ቤት ያቆመ ሰው አላየሁም። አባቴ ሲሞት ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ የተጽናናው እንኳ በአረቄ ነው።

ወንድሜም የአባቱን መንገድ ጀምሮት ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ሲሠራ ከይፋግ ትንሽ አለፍ ብሎ መኪናው ተገለበጠና ወገቡ ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሕመሙን በእንክብል፣ እንክብሉ ሲያልቅ በአረቄ ማስታገስ ያዘ። የጉና ብርድ ወደ ከተማው ሲወርድ ወገቡን ቀስፎ ይይዘዋል፤ እሱ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ቤቱን ያምሳል። አንድ ቀን ሚስቱ ላይ እጁን አነሣ፤ እሷም ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። እናቴ ያን ዕለት ቁጭ ብላ መሬት መሬቱን ስታይ ዋለች።

ቅጠሉን ያመጣለት አንድ የድሮ ባልደረባው ነው፣ ከሻሸመኔ መልስ። ስሰማ ጮኼ ተቆጣሁ። አደንዛዥ ዕፅ በሰው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምር ሰው ነኝ፣ እንዴት አልቆጣ? ከዚያ በኋላ ግን ያየሁትን አየሁ። አረቄውን ተወ። ሲመሽ ትንሽ ያጨስና ይተኛል፤ በጠዋት ተነሥቶ መንዳት ካቆመ ወዲህ የያዘውን ጎሚስታ ቤት ይከፍታል። ሚስቱ ተመለሰች። ልጆቹ የእግሩን ኮቴ ሲሰሙ አልጋ ሥር መግባት ትተው ወደ በር መሮጥ ጀመሩ። ከገበያ መግዛቱ ከማን ጋር እንደሚያገናኘው ስላላማረው የራሱን ጥቂት ተከለ፤ ወንጀሉ ይኸው ነው።

ዕፁ ጠበል ነው አልልም። ከተማሪዎቼ መካከል እሱን እያጨሰ ትምህርቱን የተወ አለ፤ እናቱ መጥታ ፊቴ አልቅሳለች። ነገር ግን እዚያው ክፍል በአረቄና በጫት የተበላሹትን ልጥራ ብል ክፍለ ጊዜው አይበቃኝም። ጎጂ ከሆነ እንደ ጎጂ ነገር ይያዝ። ለልጅ አይሸጥ፤ የሚሸጥበት ቦታ ይታወቅ፤ የታመመ ሰው ሐኪም ፊት አፉን ሞልቶ ይናገርበት። ለአረቄ የተፈቀደው ለሱም ይፈቀድ፣ አረቄ ላይ ሊጣል የሚገባው ገደብም ይጣልበት። ጓሮው የተከለን በሽተኛ ማሰር ግን ማንን አዳነ? ሕግ ይከበራል ብዬ አስተምራለሁ። ሕግ ይሻሻላል ብዬም አስተምራለሁ፤ ይኸኛውን ምዕራፍ የሚያነብ ጠፋ እንጂ።

ወንድሜ ፍርድ ቤት ቀርቦ አልካደም። የቀረው የቅጣቱ ልክ ነበር። ጠበቃው «የተከበሩ ሰዎች ስለ ጠባዩ ቢመሰክሩለት ይቀልለታል» ሲለኝ ሐሳቤ በቀጥታ ወደ ሚካኤል ማኅበር ሄደ፤ አባቴ የጠጣበት፣ ከአባቴም ለወንድሜ የተላለፈ ማኅበር ነው። እየዞርሁ የሁሉንም ደጅ ጠናሁ። አንዱ «እናስብበት» አለኝ፣ አንዱ ቤት የለም አስባለ። ያሰቡት ሌላ ኖሯል።

ጽዋው ወንድሜ ቤት ነበር። በማኅበራችን ሥርዓት ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ቤቱ ያሳድራል፤ በወሩ ደግሶ ማኅበርተኛውን ያበላና ለሚቀጥለው ያስረክባል። ወንድሜ ጽዋውን በተቀበለ በሳምንቱ ታሰረ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ የአባቴ ጓደኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዱላቸውን ይዘው መጡና በር ላይ ቆሙ።

«ጽዋውን ልወስድ ነው የመጣሁ፣ ልጄ። ማኅበርተኛው ቅር ብሎታል። ተራውን ለሌላ እንሰጠዋለን» አሉኝ።

«አባባ፣ ሳይደገስለት ከገባበት ቤት የወጣ ጽዋ አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው በወንድሜ አይጀመርም። እኔ እደግሳለሁ።»

«ተይ አንች ልጅ። ሰው ባይመጣስ?»

«ካልመጣ ጽዋው እዚሁ ይቀመጣላ። ለሚካኤል መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እኔ አጥሩ ሳይነቃነቅ ነው የደረስሁበት። ከወንድሜ ሚስት ጋር ዳቦውን ደፋን፣ ወጡን ሠራን፣ ለጽዋው ያህል ቀጠን ያለ ጠላ ጠመቅን። በዕለቱ አንድም ሰው አልቀረም። ለወንድሜ ብለው አልመጡም፤ ጽዋ ጥሎ መቅረት ከባድ ስለሆነ ነው። ቄሱ ባርከው ጽዋው ዞረ፣ ተበላ። ከዚያ በኋላ በልማዱ አረቄ ይቀርባል። ሰዎቹ እጃቸውን ተለቃልቀው ወደ ጓዳው በር ማየት ጀመሩ፤ እኔ ብርዝ ይዤ ወጣሁ። ያልፈላ የማር ውሃ ለልጆች የሚሰጥ ነው።

«አረቄ የለም?» አለኝ አንዱ፤ ጽዋው ይነጠቅ ሲል አፉን ሞልቶ የተናገረው እሱ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

«የለም። ሰው የሚጎዳ ነገር የገባበት ቤት ነው ብላችሁ ጽዋውን ልትወስዱ አልነበር? ስለዚህ የሚጎዳ ነገር አላስገባሁም።»

«አሁን አረቄ ከዚያ ጋር አንድ ነው?»

«አንድ አይደለም። አረቄ አባቴን ገድሏል። ያኛው የገደለብኝ የለም።»

ጉርምርምታው ተነሣ። ሁለቱ ነጠላቸውን ማጣፋት ጀመሩ። ደሜ ፈልቷል፤ የማልመልሰው ቃል ልናገር አፌን ስከፍት ከጥግ የእናቴ ድምፅ ተሰማ። እናቴ ሰው ፊት የምትናገር ሴት አይደለችም። ካረጀች ወዲህ ደግሞ ለጤና ይስጥልኝ ካልሆነ አፏን አትከፍትም።

«ባሌን አረቄ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «የናንተንም አባቶች አጠጥቻለሁ። ልጄ አረቄ ጠጥቶ ሲመታኝም ማንም አልመጣም። እኔን ማን ከሰሰኝ?»

ወንድሜ እሷንም እንደነካት እኔ እንኳ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ለመሄድ የተነሡት ሁለቱ ተመልሰው ተቀመጡ። ሙሴው ብርዙን አንሥተው ጠጡ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ቀጠሮው መቼ ነው?» አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን ከሁለት ማኅበርተኞች ጋር መጡ። ምለው ቆሙ፤ ዳኛዋ ስለ ተከሳሹ የሚያውቁትን እንዲናገሩ ጠየቋቸው። «ዕፁን አላውቀውም» አሉ ሙሴው። «ልጁን አውቀዋለሁ። አረቄ ሲጠጣ ሁላችንም እንፈራው ነበር፣ እናቱም ትፈራው ነበር። ካቆመ ወዲህ የሚፈራው የለም። ጽዋችን ቤቱ አድሯል።» ዳኛዋ ሕጉ የፈቀደላቸውን ያህል ቅጣቱን ዝቅ አደረጉ። ሕጉ ብዙም አይፈቅድም። ወንድሜ ማረሚያ ቤት ወረደ፣ ዓመታት ይቀሩታል። ሲያወጡት እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ወገቡ ላይ አሠረችለት።

ትምህርት ቤት ውስጥ ሰላምታ የነሡኝ አሉ። ርእሰ መምህሩ ጠርተው «ይህን ነገር ብትተዪው» አሉኝ፤ አልተውሁትም። የጠየቀኝን ሁሉ ሕጉ ይቀየር እላለሁ፣ ያልጠየቀኝንም እላለሁ።

ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ ከአጠገቡ ስለሚተኛው እስረኛ አጫወተኝ። ሰውዬው አረቄ ቤት ሰክሮ የጓደኛውን ራስ የፈነከተ ነው።

«ደግ ሰው ነው፣ ወገቤን ያሸኛል» አለኝ። «ከእኔ ቀድሞ ይወጣል።»

ይህን ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

«የተነቀለበት ቦታ ምን ተከላችሁበት?» አለኝ ቆየት ብሎ።

«ምንም።»

«ጌሾ ይሁንበት እንጂ፣ መሬት ጦም አይደር።»

«ጌሾውማ ሳይተከልም ወደዚያው እየሄደ ነው» አልሁት። «በመጣ ቁጥር እየቆረጥሁ እመልሰዋለሁ። ቦታው የአንተ ነው።»