በክር የታሰረው ላይተር

በግቢያችን ዋና በር ላይ «ከሲጋራ ጭስ የጸዳ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ። መንገዱን ሲሻገሩ ደግሞ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤ መስኮቷ ላይ ላይተር በክር ታስሮ ይንጠለጠላል። ሲጋራ በፍሬ የሚገዛ ተማሪ እሳት ይዞ አይዞርም። እዚያው ቆሞ ይለኩስና ላይተሩን ይለቀዋል። ላይተሩም እየተወዛወዘ ተረኛውን ይጠብቃል።

ከደብረ ታቦር አዳማ መጥቼ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ፕሮክተር ከሆንኩ ጀምሮ በዚያ ላይተር ፊት ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ፊት ማዞር እንደማይበቃ የገባኝ በአንዲት የሻሸመኔ ልጅ ምክንያት ነው።

ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ነበረች፣ አስም ያለባት። ለፈተና «እናጥና» ብለው ጓደኞቿ ጫት ቤት ወሰዷት፤ ከጫቱ ጋር ሲጋራው መጣ። ጫቱን ተወችው፣ ሲጋራው ግን አብሯት ቀረ። አንድ ቀን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ጥበቃ ያዛት። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጠርቶ ሁለተኛ ከተያዘች ማደሪያዋን እንደምትለቅ ነገራት። እንዴት ታቁም ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ሻያቸውን ጠጡ።

እኔ ክፍል መጣች። «ማዘር፣ ልተወው ነው» አለችኝ።

«ተይዋ። በጸሎት አስብሻለሁ።»

«እሱስ ጥሩ። ግን ኖን ካፌ ነኝ፤ ምግብ የምበላው ውጭ ነው። በቀን ስንቴ በዚያ ሱቅ እንደማልፍ ታውቂያለሽ። ሲጋራው ትዝ ሳይለኝ ላይተሩን ሳየው እጄ ብቻውን ይሄዳል።»

ባለሱቁን ሄጄ ለመንኩት፤ ሽጥ አትሽጥ አላልኩትም፣ ላይተሩን ብቻ ወደ ውስጥ አስገባው አልኩት።

«እትዬ፣ እሳት ኃጢአት ሆነ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። «የእርስዎስ ጧፍ በምንድን ነው የሚበራው?»

ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ። ከበር ውጭ ያለው አይመለከተንም አሉኝ። በር ውስጥ ያለችው ልጅስ ትመለከታችሁ ነበር ወይ? ይህን አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኩት፤ ጾም ነበር።

የቀረኝ ሽምግልና ነው። እዚህ ጃርሱማ ይሉታል፤ በእኔም አገር በእነሱም አገር ሽማግሌ የለመነውን እምቢ ማለት ነውር ነው። የሰፈሩን ሦስት አባቶች ለምኜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤያቸው ሄድኩ። ባለሱቁ አግዳሚ አወጣ፣ ለስላሳ ከፈተላቸው፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። ከሦስቱ አንዱ፣ የባለሱቁን አባት የሚያውቁት፣ ረጅም ንግግር አደረጉ። «የሰው ልጅ ነው የሚበላሸው፣ ልጄ። ለእኛ ብለህ አውርደው።»

«ለእናንተ ያልሆነ ለማን ይሆናል» አለና ክሩን ፈታ። መረቁት። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ።

ልንሄድ ስንነሳ እኚያው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «እስቲ አንዲት ፍሬ ስጠኝ።»

ባለሱቁ ሲጋራውን ሰጣቸውና እኔን እያየ ኪሱን ደባበሰ። «እሳት የለም አባባ። አውርድ ብላችሁኛል።»

«እሱ ለተማሪዎቹ ነው እንጂ!»

ላይተሩ ወጣ። ለኮሱ። ባለሱቁም እያፏጨ እቦታው መልሶ አሰረው።

«አባቴ፣ የመረቁበት አፍ እኮ ገና አልደረቀም» አልኳቸው።

«እኔማ አርጅቻለሁ። ከእንግዲህ ምን ያደርገኛል?»

ሌሎቹ ሁለቱ መሬት መሬት አዩ። የጠጡበትን የለስላሳ ጠርሙስ መንገድ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ይለኝ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ለምግብ ስትወጣ አብሬያት መውጣት ያዝኩ። ከሱቁ በኩል ያለውን ጎን እኔ እይዛለሁ። ባለሱቁ «ቆንጂት፣ አኮረፍሽን እንዴ?» ብሎ ይጠራታል፤ ላይተሩን በጣቱ መታ ያደርጋል። እሷ ክንዴን ትጨብጣለች። ጥፍሯ በነጠላዬ አልፎ ይሰማኛል። ምግብ ቤት ደርሰን ስንቀመጥ ትለቀኛለች፤ እኔም እጅጌዬን ወደ ታች እስባለሁ።

ፋሲካ ሲደርስ አገሬ ልሄድ ጓዜን ጠቅልዬ ነበር። ፈተናው ከበዓሉ ቀጥሎ ስለሆነ እሷ አትሄድም።

«ማዘር፣ ስንት ቀን ትቆያለሽ?» አለችኝ።

ጓዜን ፈታሁት።

በበዓሉ ዋዜማ እናቴ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮም? ምን ያዘሽ?»

አንድ ሰሌዳ የሰቀለ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ኮሚቴ፣ ሦስት ሽማግሌ ማውረድ ያቃታቸው ላይተር ያዘኝ ልላት ፈለግሁ። ለበዓል እንዲህ አይባልም። «ሥራ» አልኳት። ልጅቷ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ስልኩን ዘጋሁና ክንዴን ሰጠኋት።